ለእህቴ ያልነገርኳት ፖርት

አባባ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ እኔና እህቴ የምንነጋገረው ስለ መድኃኒት ሰዓት ብቻ ነበር። ግቢያችን ዘነበወርቅ ነው። እሷ ከባሏ ጋር በዋናው ቤት፣ እኔ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል እንኖራለን። አባባ የተኙት ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ስለሆነ እሳቸውን ለማየት የእህቴን በር ማንኳኳት ነበረብኝ። ተወልጄ ባደግኩበት ቤት አንኳኩቼ መግባቴ በየቀኑ ያንገበግበኛል።

ጠባችን ግን ከሕመሙ በፊት ነው የጀመረው። እህቴ ባል ስታገባ ጴንጤ ሆነች። እማዬ በሕይወት እያለች ነገሩ ተሸፋፍኖ ኖረ። እማዬ ስታርፍ ግን እህቴ ተዝካሯን እኔ በምኖርበት ቤት አታወጡም አለች፤ ድንኳኑን ከአጥር ውጪ መንገድ ዳር ተከልን። ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እላት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን እትዬ ብያት አላውቅም። ነፋሱ የቆሼን የቆሻሻ ሽታ ይዞ ሲመጣ እሷ የአባባን መስኮት ትዘጋለች፤ እኔ ታፈኑ ብዬ እከፍታለሁ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የአባባ አንገት ባዶ ነው። ማተባቸው የለም። ስጠይቃት፣ ሳጥባቸው ረጥቦ አንገታቸውን ስለላጠው ፈታሁት አለችና ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። መልሼ አሰርኩላቸው። አላመንኳትም። አየር ጤና በምሠራበት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስቆም የማስበው አንድ ነገር ሆነ፤ እኔ በሌለሁበት ቤቱ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ካሜራ ከሚገጥም ደንበኛችን አንዲት ያገለገለች ካሜራ ገዛሁ። አሮጌ ስለሆነች እንደ አዲሶቹ በአፕ አትሠራም። ቤት ውስጥ ዋይፋይ የያዘ ስልክ ግን ያያታል፤ ማይክና ስፒከርም አላት። ለእህቴ፣ አባባ ከአልጋ ቢወድቁ ወጥ ቤት ሆነሽ በስልክሽ ታያለሽ አልኳት። ደስ አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ አመሰገነችኝ። ቀጥላ፣ ከውጪ ሰው ያየዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«አያይም» አልኳት። «ከግቢ አያልፍም።»

ያን ሰዓት እውነት ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እሷና ባሏ ቸርች ሲሄዱ አባባን እኔ ጠበቅኩ። ራውተሩ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። ገልብጬ ሆዱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የመግቢያውን ስምና የሚስጥር ቁጥሩን ገለበጥኩ፤ ከተገጠመ ጀምሮ ማንም አልቀየረውም። ያ ደንበኛችን ነገሩን ሲያስረዳኝ፣ ራውተር ማለት ከውጪ የሚመጣን ሁሉ የሚመልስ ዘበኛ ነው ብሎኝ ነበር። በዚህ ቁጥር የሚመጣውን ግን ወደ ካሜራዋ አሳልፈው ብለህ ታዘዋለህ። ያ ቁጥር ነው ፖርት የሚባለው።

ከአባባ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ የራውተሩን ገጽ በስልኬ ከፈትኩ። የካሜራዋን አድራሻ አንድ ሳጥን ውስጥ፣ የፖርቱን ቁጥር ሌላ ሳጥን ውስጥ ሞልቼ ሴቭ አልኩት። ዋይፋዬን አጥፍቼ በዳታ ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። ለካ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለካሜራዋ ሌላ አድራሻ ሰጥቷታል። እንዳይቀያየር አድርጌ ቆልፌ እንደገና ሞላሁት።

«ምንድነው እሱ የምትጎረጉረው?» አሉኝ አባባ። ምላሳቸው ስለሚይዛቸው ቃሉ ተጎትቶ ነው የሚወጣው።

ኢንተርኔቱን እያስተካከልኩ ነው አልኳቸው። ውጪ በሩ ጋ ወጥቼ ስሞክረው ተከፈተ። የአባባ ግንባርና ብርድ ልብሱ ላይ ያረፈ እጃቸው ስልኬ ውስጥ ታየኝ። እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ እህቴን ሳይ ነው የምውለው። መብራት በጠፋ ቁጥር የቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚለወጥ፣ ማታ አባባን ለመጠየቅ ስገባ ሳሎኗ ውስጥ ቆሜ አዲሱን ቁጥር በድብቅ እጽፋለሁ። የማየው ግን የጠበቅኩትን አልነበረም። ታጥባቸዋለች። በሁለት በሁለት ሰዓት ታገላብጣቸዋለች። አጥሚቱን በማንኪያ እያበረደች ታጠጣቸዋለች። ይህን ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ እናደድ ነበር። አንድ ጥፋት ባገኝባት ብዬ አድፍጬ የምጠብቅ ሰው ሆኜ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ አገኘሁ። ሦስት ሴቶችና አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ገብተው አልጋውን ከበቡ። ሰውዬው እጁን አባባ ራስ ላይ ጫነ። እህቴ ተንበረከከች። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ የፍሬን ሸራ ይጠይቀኛል፤ እኔ አልሰማውም። የማይኩን ምልክት ተጫንኩ።

«እጅህን ከአባቴ ላይ አንሳ!»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። እዚያ ደግሞ ድምፄ ካሜራዋ ከተቀመጠችበት ከቁምሳጥኑ አናት ላይ ነው የወጣው። አንዷ ሴት ጮኸች። አባባ ደንግጠው በደህናው እጃቸው ሊነሱ ሲሞክሩ ሰውነታቸው ተንሸራቶ ወደ አልጋው ጠርዝ ሄደ። ወለል ላይ ሳይደርሱ አቅፎ የያዛቸው ያ ሰውዬ ነው። ከዚያ እህቴ ወደ ካሜራዋ ስትመጣ አየሁ፤ ምስሉ ጠፋ።

ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። እንግዶቹ ሄደዋል። እህቴ የአባባ ክፍል በር ላይ የተነቀለውን ገመድ ይዛ ቆማለች።

«ከግቢ አያልፍም ብለኸኝ ነበር» አለች።

ባላይ ኖሮ ደብቀሽ ሃይማኖታቸውን ልታስቀይሪያቸው ነበር አልኳት። ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«እሳቸው ሲብስባቸው እዚህ ፍራሽ አንጥፌ ነው የማድረው። ልብሴን የምቀይረው እዚህ ነው። ያኔም ታየኝ ነበር?»

እኔ የማየው ቀን ሱቅ ሆኜ ብቻ ነው ልላት ፈለግኩ። እውነትም ነው። ግን አፌ ላይ ሲደርስ የሌባ መሐላ መሰለኝና ተውኩት። የከፈትኩት በር የሷም ገላ ያለበት ክፍል መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም።

አባባ ከውስጥ ጠሩን። ገባን።

«ጥሪያቸው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ።

ለምን አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ሰው ናፈቀኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የንስሐ አባቴ በወር አንዴ ነው የሚመጡት። አንተ ትመጣለህ፣ ከእሷ ጋር ትጣላለህ፣ ትሄዳለህ።»

ሃይማኖትዎን ሊያስለውጡዎት ነው የመጡት አልኳቸው። በደህናው እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ነካ አድርገው አሳዩኝ።

«ይኸው አለ። አሁን ሁለታችሁም ውጡልኝ።»

ሳሎን ስንደርስ እህቴ የከፈትከውን ዝጋ አለችኝ። ከኋላዬ ቆማ እያየች የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ፤ ያችን አንድ መስመር አሳየኋት፤ አጠፋኋት። በቃሌ አላመነችም። የራሷን ስልክ በዳታ አድርጋ አድራሻውን ከእኔ ስልክ ላይ ገልብጣ እስከ ውጪ በር ድረስ ሄደች። እንደማይከፍት ካረጋገጠች በኋላ ተመልሳ የሚስጥር ቁጥሩን ቀየረችው። የዋይፋዩንም ቀየረች። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ኢንተርኔት አላገኝም። አዲሱን ቁጥር አልጠየቅኳትም፣ አልሰጠችኝም። ካሜራዋን ፌስታል ውስጥ አድርጋ በሬ ላይ አንጠልጥላልኝ አገኘኋት።

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት የሞከርኩበት ቀን አለ፤ የእማዬ ድንኳን ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ወጣሁ። አሁን ከሥራ ስገባ አባባ ጋ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ፤ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። አባባ ስለ ድሮ ሥራቸው ያወሩኛል፤ ግማሹ አይገባኝም፤ ቢሆንም እሰማለሁ። የጸሎቱ ሰዎች ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ።

በቅርቡ አንድ ረቡዕ ቀደም ብዬ ስገባ ያንን ሰውዬ ግቢው ውስጥ አገኘሁት። እጁን ዘረጋልኝ። የአባባን ዳይፐርና ብርቱካን በሁለት እጄ ይዤ ስለነበር እጄ ሙሉ ነው አልኩት። አንዱን ፌስታል ተቀብሎኝ እስከ ዋናው ቤት በር ድረስ ይዞልኝ መጣ። ፌስታሉን ተቀበልኩትና በሩን አንኳኩቼ ገባሁ።