እህቴ ሁለት ጊዜ ለምን ተወጋች?

የስድስት ዓመቷ እህቴ አንገት ላይ ያበጠው ዕጢ አንቲባዮቲክ ወስዳም አልጎደለም። ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እሷንና እማዬን ሴንት ፖል ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳቸው።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ መድቦልን ነበር። ሰውየው ሲገባ እማዬ ደነገጠች፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊታችን የሚቀመጥ ወንድም ነው።

«ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፤ አናድክምህ፣ ትልቋ ልጄ ታስተረጉምልኛለች» ብላ በፈገግታ ሸኘችው። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረች። «እሱ ዛሬ ከሰማ እኮ እሑድ ጉባኤው በሙሉ ስማችንን እየጠራ ይጸልያል!»

ሐኪሟ ከዘመድ ቲቢ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ነበረ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ስንከርም አጎቴ ሳያቋርጥ ይስል ነበር፤ ከተመለስን በኋላ የቲቢ መድኃኒት መጀመሩን ሰማን።

«የለም በያት» አለች እማዬ። «ልጄ መች ትስላለች? የሱ የሳንባ፣ የሷ የአንገት። ምን አገናኘው?»

ቲቢ በልጆች አንገት ላይም እንደሚወጣ እሷም እኔም አናውቅም ነበር። እናቴን ላለማስከፋት «የለም» አልኩ። እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ሐኪሟስ? አዲስ አበባ መክረማችንን ፎርሙ ላይ በእጄ ጽፌያለሁ። «አታስልም» ብላ አለፈችው። ካንሰርን ብቻ ጠርጥራ፣ ከዕጢው በመርፌ የወሰደችውን ናሙና በሙሉ ፎርማሊን የሚባል ማቆያ ኬሚካል ውስጥ ከተተችው።

ከሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲቢ ይመስላል። የጀርሙን ዘረመል አይቶ በሰዓታት ውስጥ ቲቢ መሆኑንና መድኃኒት መላመዱን የሚለይ ማሽን አለ፤ ግን ላቦራቶሪያቸው ፎርማሊን የነካውን ናሙና በማሽኑ አይመረምርም። ስለዚህ እህቴ እንደገና ትወጋለች። «ሶሪ» አለችኝ። ሶሪ! አንዲት ቁራጭ ለይቶ ማስቀመጥ ምን ይከብድ ነበር? መርፌው የሚገባው የሕፃን አንገት ውስጥ ነው!

በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ሳትጠይቀኝ ተናገርኩ። «አጎቴ ቲቢ ነበረበት። ባለፈው ዋሽቻለሁ።» እማዬ «ቲቢ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ አቀረቀረች። «ናሙናው የሚገባበትን ዕቃም አሳዪኝ» አልኩ። ሐኪሟ ፊቷ ቀላ፤ ፎርማሊን የሌለበትን ብልቃጥ አንስታ አሳየችኝ። እህቴ እጄን ጨብጣ ጮኸች።

ውጤቱ በማግስቱ ደረሰ። ቲቢ ነው፤ የተለመደው መድኃኒት ይሠራለታል። ሳምንት ሙሉ ያስጠበቁን በአንድ ቀን ለሚታወቅ ነገር ነበር።

መድኃኒቱን ተቀብለን ስንመለስ እማዬ መኪና ውስጥ «ለሚጠይቀን ሰው ቶንሲል ነው እንላለን፣ እሺ?» አለችኝ።

«እኔ ቲቢ ነው፣ በመድኃኒት ይድናል እላለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ልታዋርጂኝ ነው?»

«ሁለቴ ያስወጋናት እኮ እንዲህ እያልን ነው፣ እማዬ!»

ብሩክሊን ፓርክ ቤታችን ስንደርስ የመኪናውን በር ድርግም አድርጋ ወረደች። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳትም።