ገመቹ የሚያቆምባት ቦታ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «ሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ አልዋሻችሁም፤ ከአዳማ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ የቀበሌያችን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በደረት ኪሴ ይዤ ነው። ደብዳቤው «የኪነት ቡድናችን አባል ጓድ ታዬ የጊታር ክር ለመግዛት ወደ ድሬዳዋ ስለሚሄዱ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው» ይላል። ክሩን አልገዛሁም። ይኸው ሰባተኛ ዓመቴን ጅቡቲ ይዣለሁ። ቀበሌያችን እስካሁን ክር እየጠበቀ ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ባቡር ጣቢያ የሸኘኝ ገመቹ ብቻ ነበር። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ደግሞ ሰፈሩ ያውቃል። ገመቹ የዓለም ጤና ከተማ ልጅ ነው፣ አባቱ ሽንኩርት ያለማሉ። ለትምህርት አዳማ መጥቶ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ወንድማማች ሆንን። እሱ ክራር ይጫወታል፣ እኔ ጊታር። የኔ ጊታር ስላችሁ የቀበሌው ማለቴ ነው፤ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ትቼው ነው የሄድኩት።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ገመቹ በመስኮቱ በኩል እየተራመደ «አንተ፣ ካሴቷን ይዘሃታል አይደል?» አለኝ።

«ይዣታለሁ» አልኩት።

ካሴቷስ እውነት ነው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ዘፈኑ ግን ውስጧ አልነበረም። ይሄንን ነገር ሰባት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ፣ አሁን ልንገራችሁ።

በዚያ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ አንድ ተጫዋች ጎበዝ የሚባለው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ሕዝቡ አጨብጭቦ «ልክ እንደ ካሴቱ!» ካለህ አበቃ፣ ከዚያ በላይ ሙገሳ የለም። እኔ ደግሞ ንጉሥ ነበርኩ። የሱዳን በለው፣ የሕንድ በለው፣ የፈረንጅ በለው፣ ሁለት ቀን ከሰማሁት ክሩ ሲነካ የምትወጣውን ትንፋሽ ሳይቀር እገለብጠዋለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ የምወደው የሚጮኸውን ነበር፤ ሃያ ሲሞላኝ የሚፈጥነውን። ጣቶቼ ሲሮጡ ሴቶቹ አፋቸውን ይይዛሉ፣ እኔም ከዚህ በላይ ሙዚቃ አለ ብዬ አላምንም ነበር።

ገመቹ ግን ካሴት ገልብጥ ቢሉት አይችልም። የክራሩ ክር የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው፣ ድምፁ ይሻክራል፣ የሚዘፍነውም ራሱ ያወጣውን ብቻ ነው። አንዷ ዘፈኑ እናቱ ከሽንኩርት ማሳው ማዶ ሆነው ሲጠሩት ነፋሱ ድምፃቸውን እንዴት እንደሚወስድባቸው ነበረች።

ንፋሱ ቀስ በል፣ እናቴ ስትጠራኝ፤
ግማሹ ስም ደርሶኝ፣ ግማሹ ቀረብኝ።

ሁለተኛዋ «ግማሹ» ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ክራሩም ዝም፣ እሱም ዝም። ከዚያ እንደገና ይቀጥላል። እኔ ያቺ ቦታ በደረሰች ቁጥር ደሜ ይፈላል።

«አንድ ምት ጎደለህ እኮ! ቁጠር! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!»

«እዚያ ጋ ነፋሱ ነዋ» ይላል ረጋ ብሎ።

«ነፋስ በሙዚቃ አይቆጠርም፣ ጌታዬ!»

ይስቃል፣ አይቀየመኝም። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ክራሩን በታዬ ራስ ላይ ነበር የምሰብረው።

አንድ ቀን ከነጋዴ አጎቱ ቴፕ ተውሶ አራት ዘፈኖቹን ቀዳና ካሴቷን ለኔ ሰጠኝ። ሌላ ቅጂ የለውም። ማንም እንዳይቀዳባት ብሎ በካሴቷ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብሯቸዋል። ከወራት በኋላ ታዲያ አንድ ጓደኛዬ የፈረንጅ ጊታር ካሴት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አዋሰኝ፤ እንዲህ ያለ ጣት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ባዶ ካሴት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፣ የለም። መጨረሻ ላይ ወረቀት አኝኬ በተሰበረው ቀዳዳ ጠቀጠቅኩና በገመቹ ላይ ቀዳሁ። ይሄንን ወረቀት መጠቅጠቅ ያላደረገ የአዳማ ወጣት ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ። ገመቹ በጓሮ ሸሚዙን እያጠበ ያፏጭ ነበር፣ እኔ ክፍሌ ተቀምጬ እሱን አጠፋሁት።

ያው ጣቴ ነው ያስኮበለለኝ። ግንባር ላለው ጦር የሚጫወት ጊታር መቺ ከየቀበሌው ሲመለመል የኛው የኪነት ኃላፊ ደረቱን ነፍቶ «የኛ ታዬ ልክ እንደ ካሴቱ ነው!» ብሎ አስመዘገበኝ። መጥፎ ተጫዋች ብሆን ኖሮ ዛሬ አዳማ ነበርኩ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁበትም አትሂዱበት። ከድሬዳዋ በኋላ አራት ቀን በእግር፣ ውሃው በጄሪካን ክዳን እየተለካ። ጅቡቲ ስንደርስ የስደተኛ መዝጋቢው አንድ ቀጭን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር፣ ከጎኑ አስተርጓሚ ተቀምጧል።

«ለምን ሸሸህ?»

«ጊታር ጥሩ ስለምጫወት።»

አስተርጓሚው አየኝ። «ወንድሜ፣ ይሄንን ብተረጉምለት ሁለታችንንም ያባርረናል።»

«እውነቱ እኮ ነው።»

ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ሰውዬው ብዙ ጻፈ። ሙያ በሚለው ቦታ ግን «የለውም» ብሎ እንደሞላ በኋላ ሰው አነበበልኝ።

ሙቀቱን አትጠይቁኝ። የአዳማን ሙቀት ስናማ የነበርን ሰዎች ይቅር ይበለን! የአዳማ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይመጣለታል፣ አቧራውን ቢያለብስህም ያበርድሃል። እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ባጌት የሚሉት ረጅም ዳቦ አለ፣ ጠዋት ለስላሳ ነው፣ ማታ ሰው ብትመታበት ይፈነከታል። ዓሣውን በትልቅ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ይጠብሱታል፣ ይጣፍጣል፣ አልዋሽም፤ ግን ከዝዋይ የሚመጣው፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ዘይቱ እጅ ላይ የሚፈሰው ዓሣ ነው ሕልሜ ላይ የሚመጣው። ሽንኩርቱም የዓለም ጤና ሽንኩርት አይደለም፤ ቢከትፉት እንኳ አያስለቅስም።

ቤት ያከራዩኝ ሼህ ሳሌም የሚባሉ የየመን ሽማግሌ ናቸው። ድሬዳዋ ሱቅ ስለነበራቸው አማርኛ ያውቃሉ፤ የድሬ አማርኛ ነው፣ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው።

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም፣ ሼህ።»

«ጥሩ። ልጅ?»

«የለኝም።»

«ጥሩ። ጊታር?»

«እሱም የለኝም።»

«ወላሂ አንተ ምርጥ ሰው ነህ። ግባ!»

ሁለት ዓመት ቆይቼ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘሁና ጊታሩ መጣ። ሼህ ሳሌም አጉረመረሙ እንጂ አላስወጡኝም፤ ለካ እሳቸውም ዑድ፣ የዓረቡን ክራር፣ ይመታሉ። ሆቴሉ ውስጥ ለፈረንሳይ ወታደሮች የፈረንሳይ፣ ለዓረቡ የዓረብ፣ ለሶማሌው የሶማሌ እጫወታለሁ። ሁሉም በየቋንቋው ያንኑ ይለኛል፤ ልክ እንደ ካሴቱ። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የሼህ ሳሌም ጓደኞች ግቢው ውስጥ ጫት ይዘው ሲጫወቱ ጠሩኝና ጣቶቼን አስሮጥኩላቸው። አጨበጨቡ። ሼህ ሳሌም ግን ጉንጫቸውን እንደወጠሩ «ይሄ የማነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ይሄስ?» ነገርኳቸው። «ያንተስ?»

«የኔ የለኝም።»

«ሠላሳ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?»

ሁሉም ሳቁብኝ። አፈርኩና፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ የገመቹን የነፋሱን ዘፈን ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ምቱን ሞልቼ አለፍኩ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «እዚህ ጋ ምን አስቸኮለህ? ሽንት ቤት ልትሄድ ነበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ዝምታ ፈለግኳት። አንድ ቆጥሬ ቆሜ ሞከርኩ፣ ሁለት ቆጥሬ ሞከርኩ፣ እምቢ አለች። ገመቹ ለካ አይቆጥርም ነበር። እናቱን ይሰማ ነበር፣ ድምፃቸው እስኪደርስ ይጠብቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሻይ ውስጥ አምስት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ አልጣፈጠኝም እል ነበር፣ አሁን ግማሿ ትበቃኛለች፤ ጆሮዬም እንደዚያው ሆነ። ያ ስንት ቀን የተለማመድኩት የፈረንጅ ሩጫ ሰለቸኝ። ካሴቷን አውጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማኋት፣ ምናልባት ጫፏ ላይ የተረፈ ነገር ካለ ብዬ። ፈረንጁ ብቻ ነው። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ናፈቀኝ። አገር ናፈቀኝ ስል እኔ የምናፍቀው ተራራውን አይደለም፤ ያቺን የጎደለች ምት ነው። አንዴ ብቻ ልስማት ብዬ ለገመቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። ባቡር ላይ በሚሠራ ሰው እጅ ላክሁና «ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት አዳማ ቴሌ ሁን፣ እደውላለሁ፣ የነፋሱን ትዘፍንልኛለህ» አልኩት።

ፖስታ ቤቱ ውስጥ ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ ተሰለፍኩ። ኦፕሬተሯ «ሦስት ቁጥር ግባ» ስትለኝ ሮጬ ገባሁና ቀፎውን አነሳሁ።

«ሃሎ! አካም ጂርታ፣ ደህና ነህ ገመቹ!»

«ፈያ! ፈያ! ወይኔ ድምፅህ፣ ወፈረ እኮ!» ስሜን አልጠራም፤ በዚህ ዘመን የኮበለለ ሰው ስም በስልክ አይጠራም። «እናትህ ደህና ናቸው፣ ትናንት አይቻቸዋለሁ። ስማ፣ ጊታሩን ይዤ መጥቻለሁ!»

«የምን ጊታር? ክራርህስ?»

ነገረኝ። እኔ በሄድኩ በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጣ። የኪነት ኃላፊው «ጊታሩ ባዶውን ተሰቅሏል፤ በሦስት ወር ልክ እንደ ካሴቱ ከተጫወትክ እዚሁ አስቀርሃለሁ» አለው። ሦስት ወር ሙሉ አልተኛም። ከእሱ ጋር ስማቸው ከወጣው ልጆች ከሁለቱ በስተቀር እስካሁን የተመለሰ የለም።

«ያኔ ስትጮህብኝ የነበረውን ሁሉ አስታወስኩት» አለኝ። «ቁጠር! ቁጠር! ስትለኝ። አንተ ነህ ያተረፍከኝ፣ ታውቃለህ? እሺ ስማ።»

ቀፎውን ሰው ያዘለት መሰለኝ፣ ጊታሩ መጣ። ወይ ጣት! ድምፁ በስሏል፣ ክሩ ጠርቷል። ንፋሱ ቀስ በል አለ። ግማሹ ስም ደርሶኝ፣ ግማሹ… አለና ያቺ ቦታ ላይ አልቆመም፤ ፈጣን ሽቅብ የምትሮጥ ድርድር አስገባባት። ድርድሯን አወቅኋት። የኔ ናት፤ ሃያ ዓመቴ ላይ ሴቶቹን አፍ ያስያዝኩባት።

ቴሌ ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሲያጨበጭብ ይሰማኛል።

«እንዴት ነው? ምቱ ገባ?» አለኝ እያለከለከ።

«ገባ። ገመቹ፣ የድሮዋን ዝፈንልኝ። የምታቆምባትን።»

«ተው እንጂ! ያኔ እኮ አላውቅም ነበር!» ሳቀ፣ ግን ለኔ ሲል ሞከረ። ደረሰባት፣ ድርድሯ ሄደች። እንደገና ሞከረ፣ ሄደች። «እምቢ አለኝ፣ እጄ ራሱ ይሄዳል። ካማረህ ካሴቷን ስማት። ለሰው እንዳታሰማብኝ ግን፣ ታሳፍረኛለች።»

«ካሴቷ ላይ ቀዳሁባት» አልኩት። «ከመሄዴ በፊት። ይዣታለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

 መስመሩ ውስጥ ያለው ጩኸት መሃላችን ገባ።

«ፕላስቲኮቿን ሰብሬ አልነበር?»

«ወረቀት ጠቀጠቅኩባት። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

«እሰይ!» አለ። «እሰይ፣ ተገላገልኩ! ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ጉድ እዚያ አገር ለሙዚቀኛ እያሰማህ ታስቅብኛለህ ብዬ ስሳቀቅ! ምን ያስለቅስሃል ታዲያ? ቆይ፣ አሁን ቴፕ ካለህ ይቺን አዲሷን ቅዳት፣ ልድገምልህ።»

ቴፕ አልያዝኩም ነበር። ገመቹ ቀፎውን አስያዘና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዓለም ጤና ላይ ያ ሽንኩርት ማሳ፣ ማዶ የቆሙት እናቱ፣ ነፋሱ፣ ሁሉም በተራቸው መጡ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ቀፎውን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጫንኩና ትንፋሼን ያዝኩ። ገመቹ ሳያቆም አለፋት።