ቀን የሚተኛው ማሙሽ

ሰዓት ጥገና በጀመርኩበት ቀን አሠሪዬ ጋሽ ሎዳሞ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጥተውኝ ፈትተህ ግጠመው አሉኝ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሰዓቱ ምንም አልሆነም፤ አንተ ምን እንደምትሆን ልየው ብዬ ነው።»

ገጥሜ ስጨርስ ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ግን አላባረሩኝም።

ከዓመታት በኋላ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። አንድ ጠዋት የቆየች ደንበኛዬ ሲስተር ታደለች መጣች፤ ሆስፒታል የማታ ተረኛ ነርስ ናት። ከቦርሳዋ እንቁላል የምታክል፣ በባትሪ የምትሠራ የፕላስቲክ መጫወቻ አወጣች። በትንሿ መስኮት ውስጥ ጆሮው ትልልቅ የሆነ የእንስሳ ምስል ተኝቷል። ልጇ ኮሌጅ ስትሄድ አደራ ብላ የሰጠቻት ነው፤ ስሙ ማሙሽ። ቁልፍ እየተጫኑ ያበሉታል፣ ያጫውቱታል፤ ከረሱት ታሞ ይሞታል። አሁን ባትሪው ደክሞ ምስሉ ደብዝዟል። ባትሪው ከወጣ ደግሞ ማሙሽ ይጠፋና በምትኩ ሌላ ይፈለፈላል። ሲስተር ሌላ አልፈልግም አለች።

ጠባዩን እንደ በሽተኛ ታሪክ ዘረዘረችልኝ። ዳቦ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል፤ ለከረሜላ ይዘላል። ከተቆጡት ያኮርፋል፤ በጨዋታ ካላሸነፈ አይታረቅም። እኔን የገረመኝ ግን እንቅልፉ ነው። ቀኑን አጋምሶ ከሰዓት ይነሳና እኩለ ሌሊት ካለፈም በኋላ አጫውቱኝ ብሎ ያለቅሳል።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ ምሳ አይወርድልኝም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ስጠብቀው ቀትር ሆነ፤ ማሙሽ ለጥ ብሏል። ቁልፉን ስነካ የመጫወቻው ሰዓት መስኮቷ ላይ ወጣ፤ ስድስት ይላል። በእኛም ስድስት ነው። ከጎኑ ያለው የፈረንጅ ፊደል ግን ማለዳ ነው ይላል። ብቻዬን ሳቅኩ። ልጅቷ ሰዓቱን የሞላችው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ መጫወቻውን ለሠሩት ፈረንጆች ደግሞ ስድስት ሰዓት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ማሙሽ ሰነፍ አይደለም፤ በእሱ ቤት ገና አልነጋም።

አሥር ሰዓት ገደማ ሲስተር ስትመለስ ነገሩን አስረዳኋት። ሰዓቱንም አብሬ አስተካክልልሻለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ማታ ይተኛል አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን መጫወቻውን በእጇ ከለል አደረገችው።

«ተወው በናትህ» አለች። «በሽተኞቹ ሲተኙ አብሮኝ የሚነቃ እሱ ብቻ ነው።»

ሰዓቱን አልነካሁትም። ከሁለት የሬዲዮ ባትሪ ሽቦ ስቤ መጫወቻው ውስጥ በስታኞ በይጄ አያያዝኩ፤ አሮጌዎቹ ባትሪዎች ሲወጡ ኃይሉ እንዳይቋረጥ ነው። ሲስተር የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። አዲሶቹን አስገብቼ ሽቦውን ነቀልኩ፤ ምስሉ ቦግ ብሎ ደመቀ። ሲስተር ተቀብላኝ ዳቦ ሰጠችው። ፊቱን አዞረባት።

«እሱ ነው» አለችና እንባዋ መጣ።

እኔ ከዚህ ሥራ የተማርኩት፣ የተሳሳተ ሁሉ የተበላሸ አለመሆኑን ነው። የትኛው ይሠራ፣ የትኛው ይተው ብላችሁ ባለቤቱን ጠይቁ።