ሚስተር አርተር የተወለዱባት መንደር

ከሆሳዕና ወጣ ካለችው መንደራችን የተነሣሁት በጭቃ ሰሞን ነው፤ ምሽቱን ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ሲጸልይልኝ ቆየና ሚኒባሱ ጡሩምባ ሲነፋ እናቴ እጄን ለቀቀች። ዲቪ የደረሰው ሰው አያለቅስም ተብዬ ዕንባዬን ዋጥኩ።

ኮሎምበስ ከተማ፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ማሞቂያው አይሠራም ብዬ አከራዬን ኮል ባደርገው፣ "አፍሪካ ማሞቂያ ነበረሽ?" አለኝ።

"አፍሪካ ብርዱ ጣት አይቆርጥም" አልኩት። ዘጋብኝ።

ሥራ ያገኘሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ዌስተርቪል፣ አልጋ ላይ የዋሉ አንድ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። ሚስተር አርተር ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው ከእንግሊዝ የመጡ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሳጥባቸው ስለ ትውልድ ቦታቸው ያወሩኛል። መንደር ማለትም ይከብዳል፤ በሁለት ኮረብታ መሃል የተሸጎጡ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ ጅረት፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን። መንገዱ እዚያው ያልቃል። መሬቱም ቤቱም የአንድ ባለርስት ነበር። ትራክተር ሲገባ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ቤታቸውንም አስለቀቀ። የሚስተር አርተር አባት ብዙም ሳይቆዩ ሞተው እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ፈረንጅም ከመሬቱ ይነቀላል እንዴ? ብዬ ገረመኝ።

አንድ ቀን፣ "የአባቴን መቃብር ማን እንደሚያጸዳው ጠይቂልኝ" አሉኝ። ልጃቸው "ነገ ይረሱታል፣ ተዪው" አለችኝ። አልረሱትም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ የቤተ ክርስቲያኗን ስልክ አገኘሁና እሳቸው እንዲሰሙት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ደወልኩ።

"ክፍል ለመያዝ ነው?" አለች አንዲት ሴት።

መቃብሩን ጠየቅኳት።

"ውይ! ቤተ ክርስቲያኑን ገዝተን የእንግዳ ማረፊያ አደረግነው። የመቃብር ድንጋዮቹን ግድግዳው ሥር ደርድረናቸዋል፤ ጽሑፋቸው ስለጠፋ የማን እንደሆኑ አናውቅም። ቦታው አሁን መኪና ማቆሚያ ነው።"

"የዱሮ ነዋሪ የለም?"

"ማንም የለም። ቤቶቹን የከተማ ሰዎች ለዕረፍት ነው የገዟቸው። በበጋ ግን በጣም ያምራል፣ ቦታ ልያዝልሽ?"

ሚስተር አርተር አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ጅረቱስ?"

"ጅረቱ አለ" አለች።

"እሺ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ስለ መንደራቸው አላነሡም። ምግብም ዘጋቸው፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። እዚህ እንደሚያደርጉት አስከሬናቸው ተቃጠለ። አመዱ የት እንደሚያርፍ ልጃቸውን ብጠይቃት፣ "ለጊዜው የቤታችን ጋራዥ፣ መኪናው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ" አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ አገር ቤት ደወልኩ። አባቴ አነሣው፤ ድምፁ ልክ አልነበረም።

"አባባ፣ ምን ሆነሃል?"

"መሬት ቀያሾች መጥተው ነበር። ፋብሪካ ይሠራል አሉ። የሚፈርሱት ቤቶች ላይ ቀይ ምልክት አድርገው ሄዱ።"

"የኛም ላይ?"

"አንቺ በልተሻል?" አለኝ።

"በልቻለሁ" አልኩት።