ዳቦውን የበላው ጅብ

ልጅ እያለሁ በኮልፌው ቤታችን ተረት የሚያልቀው በዳቦ ነበር። አባታችን መርካቶ ያለውን ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ፣ ከእራት በኋላ «ተረት ተረት» ይላል፤ እኔና ታናሽ እህቴ ሰናይት «የላም በረት» ብለን እንጮሃለን። መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲል ሰናይት የኮባ ቅጠል ጠረኑ ያልለቀቀውን ድፎ ዳቦ ቆርሳ አፉን ታብስለታለች፤ እሱም ይጎርሰዋል። ዳቦው ካልተጎረሰ ተረቱ አላለቀም።

አንድ ምሽት ኮት ለብሶ ከሰው ጋር ስለሚኖር ጅብ አባቴ ያወራልን ነበር። ጅቡ የአንዱን ቤት በር አንኳኳ ከማለቱ የእኛ በር ተንኳኳ። ግራጫ ኮታቸውን የለበሱት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ገቡ። አባቴ «ኖር! ኖር!» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ እናቴም ለአፍ ማበሻ የተቆረሰውን ዳቦ ከሻይ ጋር አቀረበችላቸው። ጋሽ ታደሰ አጣጥመው በሉት። ሰናይት ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆና ታያቸው ነበር።

በነጋታው ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። መንገዱ በጋሽ ታደሰ ደጅ ነው የሚያልፈው። እናቴ አባበለቻት፣ ተቆጣቻት፤ እኔም እጇን ይዤ ጎተትኳት፤ ወይ ፍንክች! ሳምንቱ ሲያልቅ መምህሯ «እንዲህ ከሆነ ለዘንድሮ ትቅር፣ ቦታዋን ለሌላ ልጅ እንስጥ» ብላ ላከችብን። ሰናይት ግን ትምህርት ቤቷን ትወድ ነበር። ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ስታለቅስ አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጠየቃት። «አባዬ፣ ጅቡ እኮ ዳቦውን በላብን» አለችው። «አሁን ተረቱ በምን ይለቅ?»

ሌላ አባት ቢሆን ይስቅባት ነበር፤ ወይም በቁጣ ዝም ያሰኛት ነበር። የእኔ አባት ጫማውን አደረገና ጋሽ ታደሰ ቤት ሄደ። አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ሄዶ «ልጄ ጅብ ነዎት ብላለች» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ታደሰ እየሳቁ፣ ኮታቸውን እንደለበሱ መጡ።

አባቴ ተረቱን ካቆመበት ቀጠለ፤ መሃል ላይ ግን እየቆመ ይጠይቃታል። ጅብ አለ? አለ፤ ሌሊት ሲጮህ ሰምታዋለች። ኮትስ ይለብሳል? ሰናይት ግራጫውን ኮት አየች። ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን አውልቀው ሰጧት። እጅጌውን አሸተተች፤ ኪሱን በርብራ ከረሜላ አገኘች።

«ኮቱ የእውነት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጅብም የእውነት ነው። ኮት የለበሰው ጅብ ግን የተረት ነው።»

ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ለየችው። ከዚያ የአባቴን አፍ በዳቦ አበሰች። በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ደጅ ስንደርስ እጄን ለቀቀችና እጅ ነስታ፣ «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ እርስዎ የእውነት ነዎት» አለቻቸው። የዚያን ቀን ያህል በእህቴ ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ ቤቴል ሰፈር ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ተረት የሚያዩት በስልክ ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ መሃል ላይ ቆሞ የሚጠይቃቸው የለም። ስለዚህ ባነበብኩላቸው ቁጥር እኔ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንድ ወላጆች «ሲያድጉ ይገባቸዋል» ይሉኛል። እኔ ግን ትንሽ ልጅ እንደሚገባት በዓይኔ አይቻለሁ።

በቀደም የሰናይትን ነገር ስተርክላቸው አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያንቺ አባት የእውነት ነው የተረት?»

«የእውነት ነው!» አልኳት። ድምፄ ክፍሉን ሞላው።