ዶክተሩ «አላውቅም» ያሉበት ምሽት

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ አልገባም። ባለቤቴ ዘነበችም «ሁሉንም ተናገር፣ የእኔን አትደብቅ» ብላ ፈቅዳልኛለች፤ ይቻትና ከእህቶች መካከል ተቀምጣለች። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ድሬሰር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ አሰበ ተፈሪ ስመጣ የተማርኩት ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ነበር። ግን ከቦኬም ከቦርደዴም የሚመጣው ሰው «ዶክተር» ሲለኝ ጊዜ እኔም አመንኩ። ለሳሉም ለወገቡም ፔኒሲሊን! ገበያተኛው ደግሞ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም፤ ተገናኘን በሉት። «ይህን አላውቀውም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዘነበች ጌታን ካገኘች ቆይታለች። ስትጸልይ ስሰማ «መድኃኒት እንዳያልቅብኝም ጸልዪልኝ» እያልኩ እቀልድባት ነበር።

አንድ ቀን ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። አያማትም። «የብርድ ነው» ብዬ ወጋኋት። አልጠፋም። ደግሜ ወጋኋት።

«አዲስ አበባ ሄጄ ብታይስ?» አለችኝ።

«እኔ እያለሁ? የዶክተሩ ሚስት ሐኪም ፍለጋ ሄደች ይበል ሰው?»

ተነሥታ እራቴን አቀረበችልኝ። ወገኖቼ፣ ያ እራት ዛሬም ያመኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን አለማወቁን የደበቀው ሐኪሙ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነቀርሳን የሚያጠኑ አንድ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጡ። በከተማችን ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር ነበር፤ ሴቶቹ አሮጌ አንሶላ እየቀደዱ ፋሻ ያዘጋጃሉ፣ ዘነበችም አንዷ ናት። ዶክተሩ ለማኅበሩ ደጋፊዎች አመሻሹ ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ንግግር አደረጉ። እኔም እንደ ዶክተርነቴ ከፊት ወንበር ተጎለትኩ።

ሲጨርሱ፣ ሐጂ የምንላቸው የጫት ነጋዴ ተነሡ። «አቦ ዶክተር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩን። ይህ በሽታ ከምን ይመጣል?»

«አላውቅም ሐጂ» አሉ ዶክተሩ። «ስንት ዓመት በማይክሮስኮፕ ስፈልገው ኖሬያለሁ፤ ገና አላውቅም።»

እኔ «ታዲያ ይህን ሊነግረን ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው?» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «የማውቀውን ልንገራችሁ። ጡቷ ላይ የማያም እብጠት ያለባትን ሴት መርፌ አያድናትም። ቶሎ ከመጣች በኦፕራሲዮን ልትድን ትችላለች። ብዙ ጊዜ የምትዘገየው ግን፣ አንድ ሰው አላውቅም ማለት አፍሮ ሲያቆያት ነው።»

ዞር ብዬ ዘነበችን አየኋት። እኔ እንዳላፍር ብላ አንገቷን ደፍታለች። እኔ ስገድላት እሷ ክብሬን ትጠብቃለች! ተነሣሁ፤ ያነሣኝ ጌታ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ዶክተር፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሚስቴን ይዩልኝ» አልኩ። ሃሌ ሉያ!

እዚያው አጠገብ ካለ ክፍል አስገብተው አዩአት። «ነገውኑ ተሳፈሩ» ብቻ አሉኝ። በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ሚኤሶ ወረድን፤ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ። ባቡሩ ውስጥ «ይቅር በይኝ» ብዬ አለቀስኩ። «እኔማ መርፌውን ስትወጋኝ ነው ይቅር ያልኩህ፤ አሁን የቀረህ ከጌታ ጋር ነው» አለችኝ።

ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ሥር ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ የምተማመንበት አንዳች የለኝም፤ ተቀበለኝ» አልኩት። ትዳን ትሙት ሳላውቅ፣ እሷ ገና ሳትወጣ፣ ልቤ አረፈ። ስሙ ይባረክ!

ኦፕራሲዮኑን ያደረጉት ሐኪም ወጥተው «አውጥተነዋል። ይመለስ አይመለስ ግን አላውቅም» አሉኝ። ስለ እውነታቸው እጃቸውን ሳምኩ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቷን ያዘች፤ አልተመለሰም። ትናንትም ፋሻ ስትቀድ ነው የዋለችው። ጌታ ይመስገን!

ቅዱሳን፣ ዛሬ ዶክተር አይደለሁም፤ ደስ ያለው ድሬሰር ነኝ። ከመካከላችሁ በሰውነቱ ላይ እብጠት የደበቀ ካለ ነገ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ይምጣ፤ ደብዳቤ ጽፌ ወደሚያውቁት እልከዋለሁ። በልቡ የደበቀ ግን ለነገ አያሳድረው። የሚያድነው ጌታ እዚሁ ነው። ብቻውን መንበርከክ ያፈረ ካለ፣ ይኸው እኔ ቀድሜ ተንበረከክሁ፤ አጠገቤ ቦታ አለ።