የጨው ሲኒ

የጎረቤቴ ሳህን ከትናንት ጀምሮ ማድ ቤቴ ውስጥ ታጥቦ ተቀምጧል። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። ወደዚህ አገር በመጣሁ በሳምንቴ በር ለበር የምንተያየው አሮጊት ኬክ አድርገውበት ደጄ ላይ አኑረውልኝ ሄዱ። ልመልስላቸው እነሳለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ባዶነቱ ያሳፍረኝና ተመልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሥራዬ ቁጭ ብድግ ሆኗል። የቀጠረኝ መሥሪያ ቤት ሁሉን አመቻችቶ ነው የተቀበለኝ፤ ቤቱ ከነዕቃው፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የአውቶቡስ ካርዱ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የጎደለኝ ነገር የለም። ማረፍ ብቻ አቃተኝ።

ሳህኑን ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ኮምቦልቻ የነበረችው ፈረንጃችን ናት።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከግቢያችን ጎን ያለውን ፎቅ ለባቡር ሐዲድ ሥራ የመጣ የውጭ አገር መሐንዲስ ተከራየውና ሚስቱን ይዞ ገባ። ለእነሱም ሁሉ ነገር ተመቻችቶላቸው ነበር። ቤቱ ቀለም ተቀብቶ፣ ጄኔሬተሩ ተተክሎ፣ መኪናው ከነሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ነው የደረሱት። ሰፈሩ “ታድለው!” አለ። እኔ ግን የማየው ሴትዮዋን ነበር። ባሏ ጠዋት አቧራውን አስነስቶ ይሄዳል፤ እሷ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጫጫው፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ሲተኛ፣ የነጠላ ጫማዋ ጧ ጧ ማለት እኛ ግቢ ድረስ ይሰማል።

በእኛ ሰፈር አዲስ ጎረቤት የገባ ቀን እሳት አያነድም፤ ሰፈሩ ነው የሚያበላው። እናቴ በቅቤ የራሰ ቂንጬ በሳህን ሞልታ በእኔ እጅ ላከችላት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ተቀበለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ዘበኛቸው ሳህኑን ይዞ መጣ። ተፈግፍጎ ታጥቧል፣ ያብረቀርቃል፣ ባዶ ነው።

የጎረቤት ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ሎሚም ይሁን ቃሪያ፣ የሆነ ነገር ጣል ይደረግበታል። ባዶ ሳህን “ሁለተኛ እንዳትመጡብኝ” ማለት ነው። ባለሱቋ ጎረቤታችን አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

“ወላሂ ባዶውን! ይሄ ንቀት ካልሆነ ምን ይባላል? እኔ ደጇን አልረግጥም።”

“ተይ እንጂ፣ አብሽሪ” አለች እናቴ፣ “አገሯ እንደዚያ ይሆናል።”

ሰፈሩ ግን አኮረፈ። ሴትዮዋ ከበረንዳው እጇን ስታነሳ ሴቶቹ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ያልፋሉ። ምን እንዳጠፋች የሚነግራት የለም። ጥቂት ወራት አለፉና አንድ ቀን ሻንጣዋን በረንዳ ላይ አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አየኋት። ዘበኛው ለእናቴ ነገራት፤ “ባሏን ትታ አገሯ ልትገባ ነው። ማልቀስ ብቻ ሆኗል።”

እናቴ የደሴ ልጅ ናት። ተድራ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ጆሮዋ ተደፍኖ፣ ሙቀቱ አፍኗት፣ አገሩ ሁሉ ባዕድ ሆኖባት እንደነበር ስትነግረን እንስቅባት ነበር። ደሴ እኮ ከአናታችን ላይ ናት! አሁን አልስቅም። የዚያን ቀን ጠርዛቸው ወርቅማ ከሆኑት ስድስት ሲኒዎቿ አንዱን አንስታ ሰጠችኝ።

“ሂጂና ጨው ለምኛት።”

“እማ፣ ጨው አለን እኮ።”

“መኖሩንማ መች አጣሁት። እሷ ሁሉን ሰጥተዋታል፤ የሚለምናት ሰው ነው ያጣችው። እኔንም ያኔ ያሳረፈኝ አንዲት ጎረቤት ‘ልጄ፣ ጨው አለሽ?’ ብላ የመጣች ቀን ነው። ሂጂ።”

ሄድኩ። ሲኒውን ዘርግቼ “ጨው” አልኩ፣ ጣቴን ምላሴ ላይ ነካ አድርጌ። ፊቷ እንዴት እንደበራ ባያችሁ! ሮጣ ገባች፤ ሲኒውን እስኪፈስ ሞልታ መጣች፤ ቲማቲም ጨመረችልኝ፤ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ሳሙናም ጨመረችልኝ። እናቴ ሳሙናውን ስታይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በማግስቱ ሴትዮዋ ራሷ ባዶ ብርጭቆ ይዛ ደጃችን ቆመች። “ጨው” አለች።

ሻንጣው ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጨው ከእነሱ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ እነሱ ሲመላለስ ኖረ። ያቺ ደጇን አልረግጥም ያለችው ባለሱቅ እንኳ፣ ሱቋ ሙሉ ሽንኩርት እያላት፣ ሽንኩርት ልትለምናት ሄደች።

ከዓመታት በኋላ ሥራው ቆመ ተባለና መሄጃቸው ደረሰ። ዕቃው ተጭኗል፣ የመኪናው ሞተር ተነስቷል፣ ባሏ ሰዓቱን ያያል። እሷ ከመኪናው ወርዳ ወደ እኛ ግቢ መጣች። እጇ ባዶ ነው።

“ጨው” አለች።

እናቴ ከስድስቱ ሲኒ በአንዱ ሞልታ ሰጠቻት፤ “አላህ በሰላም ያግባሽ” አለቻት። ሴትዮዋ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት ቀስ ብላ መኪናው ውስጥ ገባች። መኪናው ሲታጠፍ አሁንም ሲኒው ላይ አቀርቅራ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ደውዬ ስለ ኬኩም፣ ስለ ሳህኑም፣ ማረፍ ስላቃተኝም ነገርኳት።

“ሳህኑ ይቆይ፣ ግድ የለም” አለችኝ። “ምን ለመንሻቸው?”

“ምንም” አልኳት። ጨው ሞልቶኛል። ግን አሁን ብርጭቆ አንስቼ የአሮጊቷን በር ላንኳኳ ነው።

እናቴ እንግዳ ሲመጣባት ዛሬም በአምስት ሲኒ ነው የምታስተናግደው። “ስድስተኛውስ? ተሰበረ እንዴ?” ይሏታል።

“የለም፣ ጎረቤት ጋ ነው” ትላለች።